ክብ የሌላት ካርድ

ፍርሃቱ የጀመራት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የኮምፒዩተሩ ሰው ፊቱ በርቶ ወደ ክፍሏ ብቅ ያለ ጊዜ።

«እትዬ ምስክር፣ ተገላገልን» አላት በሩን በትከሻው ተደግፎ። «አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ካርድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ በእጅ መምረጥ ቀረ። ቅዳሜ ለፍጻሜው ሃያውን ጥያቄ የሚያወጣው ማሽኑ ራሱ ነው። እርስዎ እግርዎን ዘርግተው ሻይዎን ይጠጡ።»

«ሁሉም ገባ?»

«አንዲት አልቀረችም።»

«ከየካርቶኑ ኋላ ያሉትም? አሮጌዎቹ?»

«አሮጌዎቹማ ጣቴን ጨረሱት» አለና እጁን እያፍታታ ሄደ።

እትዬ ምስክር የብዕሯን ክዳን ልትገጥም ስትል እምቢ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ እጇን ጉልበቶቿ መሃል ሸሸገችው። ከእነዚያ ካርዶች አንዷ ውሸት ናት። የፈጠረቻትም ራሷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ግን አታውቅም።

ምስክር የወጣላት ስም እንጂ እናቷ ያወጣችላት አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሬዲዮ ጣቢያው የጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ ስታዘጋጅ አንድ የማትጥሰው ሕግ ነበራት፤ ሁለት መጻሕፍት ያልመሰከሩለት ነገር ካርድ ላይ አይሰፍርም። ከካርዱ ፊት ጥያቄውና መልሱ ይጻፋል፤ ከጀርባው የሁለቱ መጻሕፍት ርእስና ገጽ። ሕጉ ከክፍሏ ወጥቶ ሕንጻውን አዳረሰው። በኮሪደሩ አንዷ ስለ ሌላዋ ሐሜት ስታመጣ ሰሚዋ «ሁለት ምስክር አለሽ?» ትላታለች። የበሩ ዘበኛ እንኳ ያረፈደ ሰው «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ሲለው «ሁለት ምስክር» ይላል ሳቁን አፍኖ።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት የስኳር መጠቅለያ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ሱቅ የተላከችበት ስኳር የተጠቀለለው ከመጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ነበር። መንገድ ላይ ቆማ አነበበችው። «ኦክቶፐስ የተባለው ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው፤ ከሦስቱ አንዱ» ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። ስኳሩ በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ፣ አፏ እንደ ቀለበት ክብ ብሎ ቀረ። ቤት ስትገባ ስለ ስኳሩ ተቆጧት፤ እሷ ግን የጠየቀችው «አንዱ ምን ይሆናል?» ብቻ ነበር። ማንም አላወቀላትም። የዓረፍተ ነገሩን ጅራት ያገኘችው አሥራ አንድ ዓመት ቆይታ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እንስሳው ሲዋኝ መምታቱን ያቆማል። ያን ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ መጥታ «ምነው ልጄ፣ ታመምሽ?» እስክትላት ድረስ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

የሚያስደንቃት ነገር አያልቅም ነበር። ጉንዳን ሳንባ እንደሌላት፣ ሻርክ ከዛፍ ቀድሞ ምድር ላይ እንደነበረ፣ ቬነስ የምትባለው ፕላኔት ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት እንደሚረዝም። እንዲህ ያለውን ባገኘች ቁጥር ካርዱን ጽፋ ስታበቃ እርሳሷ ከጥጉ ላይ ትንሽ ምልክት ትጥላለች፤ ሳታስበው፣ ሌላው ሰው ስልክ እያወራ ወረቀት ላይ እንደሚሞነጫጭረው። ሞያዋ ይኼው ነበር፤ መደነቅ፣ መመርመር፣ መጻፍ።

ውሸቷ የተወለደችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ጣቢያው በየዓመቱ ጥያቄዎቹን በትንሽ መጽሐፍ እያሳተመ ይሸጥ ነበር። አንድ ማተሚያ ቤት ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ፣ ሆዱን እንዳለ ገልብጦ በግማሽ ዋጋ ይቸበችበው ጀመር። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ሁሉም «ሽማግሌው» የሚሉት ብልጥ ሰው፣ አንድ ቀን ጠርቶ አስቀመጣት።

«የሌለ ነገር ፍጠሪልኝ» አላት። «አሥር። እውነት የሚመስሉ። እኔ አንዷን መርጬ ካርዶቹ መሃል እከታታለሁ፤ መጽሐፉ ላይም ትወጣለች። እነሱ ሲገለብጡ እሷንም ይገለብጣሉ። ያኔ አንገታቸውን እይዛለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ ውሸት አልችልበትም።»

«ለዚህ ነው አንቺን የመረጥኩሽ። ማንም አይጠረጥርሽም።»

አሥሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጻፈች። እንደሌሎቹ አስመስላ፣ ከጀርባቸው የእውነተኛ መጻሕፍት ርእስና የሐሰት ገጽ ቁጥር ጭምር። ሽማግሌው አንዷን ወሰደ፤ ዘጠኙን ጽሑፋቸውን ሳያሳያት ፊቷ ቀዳደደ፤ የትኛዋን እንደወሰደ ግን አልነገራትም። «ሁለት ሰው ያወቀው ወጥመድ አይዝም» አላት። ወጥመዱም ሳይይዝ ቀረ፤ መጽሐፉ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ የሚለው ወሬ ብቻ ማተሚያ ቤቱን አስደንግጦ አስቆመው። ሽማግሌው በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ቢሮው ሕንጻ ሲቀይር የድሮዎቹ መጻሕፍት ጠፉ። እሷም የፈጠረቻቸው አሥሩ ምን ምን እንደነበሩ ከዓመት ዓመት ረሳች። ካርዷ ግን አልጠፋችም። እትዬ ምስክር አዳዲሶቹን ከየካርቶኑ ፊት ትጨምር፣ ለውድድሩም ከፊት እያነሳች፣ ከመተላለፋቸው በፊት መጻሕፍቱን እንደገና እየገለጠች ትመረምር ነበር። ከካርቶኖቹ ኋላ እጇን አትሰድም። የጨለመ ክፍል አጠገብ ቶሎ ቶሎ ብሎ እንደሚያልፍ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈች። አሁን ማሽኑ ኋላውንና ፊቱን አይለይም፤ መጽሐፍም አይገልጥም።

የዘንድሮው ሽልማት ደግሞ ቤት ነው። ባለ ሁለት ክፍል፣ ውሃና መብራት የገባለት ቤት። ለፍጻሜ የቀሩት ሁለት ተከራዮች ናቸው፤ አንዷ አዋላጅ ነርስ ናት፣ አንዱ መንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው። ቅዳሜ ያቺ ካርድ ከወጣች ከሁለቱ አንዱ በእሷ ውሸት ቤት ያገኛል፤ ሌላው በእሷ ውሸት ቤት ያጣል።

የዚያኑ ዕለት ወደ አዲሱ ኃላፊ ገባች። ቁጭ ይበሉ ቢላትም ቆማ ነገረችው።

ኃላፊው እስክትጨርስ አዳመጣትና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እትዬ፣ ከአራት ሺህ አንዲት ውሸት ነው የሚያስጨንቅዎት? እኔ ቤት በቀን ስንት እንደሚነገር ቢያውቁ።»

«ጌታዬ፣ አሮጌዎቹን ማሽኑ እንዲዘላቸው ይደረግልኝ።»

«አይሆንም። ታዛቢዎቹ ትናንት መጥተው ፈርመው አሽገውታል። አሁን ክፈቱ ብል ምን አስደበቃችሁ ነው የሚሉኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ይኼ ነገር ከዚህ በር ከወጣ፣ እስከ ዛሬ የተሸነፈው ሁሉ እኔም በውሸት ነው የወደቅሁት ብሎ ይመጣብኛል። ማሽኑ የሚያወጣው ሃያ ነው። ዕድሏ ከሁለት መቶ አንድ ነው። ይተዉት።»

ከሁለት መቶ አንድ። ወደ ክፍሏ ስትመለስ የደረጃውን እርከን ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት። ሁለት መቶ ብዙ አልመሰላትም።

ሐሙስንና ዓርብን ግምጃ ቤት ገብታ ዋለች። ካርዶቹ በጫማ ካርቶን፣ ካርቶኖቹ በብረት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ከኋላ ያሉት ብቻ ሁለት ሺህ ይሆናሉ። አንድ ካርድ ታነሳለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ መጽሐፉን ትፈልጋለች፣ ገጹን ትገልጣለች። በሁለት ቀን መቶ ሰባ ደረሰች። ከቁጥሩ ይልቅ ያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። እንደ ገዛ ልጆቿ የምታውቃቸው ነገሮች ፊታቸው እየተለወጠባት ሄደ። የዋልታ ድብ ከነጩ ፀጉሩ ሥር ቆዳው ጥቁር ነው? ማን አለ? አንድ የአውስትራሊያ እንስሳ ፋንድያው ባለ አራት ማዕዘን ነው? ይኼንንማ እኔ ሳልሆን አልቀርም የፈጠርኩት። ለመሆኑ ከዚህ የሚብስ ውሸት ምን ሊኖር ይችላል? መጽሐፉን ስትገልጥ እውነት ሆኖ ታገኘዋለች፤ ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ወዲያው የሚቀጥለው ካርድ ደግሞ ያፈጥጥባታል። ዓለም ራሷ ውሸት የምትመስል ሆና ተሠርታለች፤ ውሸትን ከእሷ መሃል ለይቶ ማውጣት እንዴት ይቻላል?

ቅዳሜ ጠዋት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ የምትበዪው ዳቦውን ነው ጣትሽን?»

«እታበባ፣ ቢራቢሮ በእግሯ ነው አይደል የምትቀምሰው?»

«የምትነግሪኝ አንቺ። እኔ ቢራቢሮ ሆኜ አላውቅም።»

«እውነት ይመስልሻል?»

እህቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ስሚ የኔ እህት። አንቺ ያልሽኝን ሁሉ ደንበኛ እየለካሁ ሳወራው ኖሬያለሁ። የቀጭኔ አንገት እንደኛው ሰባት አጥንት ነው ብዬ አንገታቸውን ስለካ ደስ ይላቸዋል። ውሸት ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ሱቄን ዘግቼ ልደበቅ።»

«እሱ እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው?»

 ጫማዋን ስታደርግ ግራና ቀኙን አሳስታ አጠለቀች። 

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግምጃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዙሪያዋን ካርቶን ከቧታል። ውድድሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። መጻሕፍት መግለጡን ትታ፣ ካርዶቹን በጣቷ እያገላበጠች፣ ምናልባት ዓይኔ ያውቃት ይሆናል በሚል ተስፋ ብቻ ታሳልፋለች። ያኔ ነው ክቦቹን ያየቻቸው።

ከየካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ የተሣለች ምስር የምታህል ክብ። ያቺ ሳታስበው የምትጥላት ምልክት ናት። ንብ አምስት ዓይን አላት፤ ክብ። አንዳንድ የባሕር ፍጡር ደሙ ሰማያዊ ነው፤ ክብ። ሲወለድ የሕፃን አጥንት ከአዋቂው ይበዛል፤ ክብ፣ እሷም ሁለት ጊዜ የተዞረባት። እትዬ ምስክር ካርዶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጋ እያየች፣ ስኳር ይዛ መንገድ ላይ የቆመችውን ልጅ አፍ አየች። ክቧ ያ አፍ ነው። እጇ ያውቅ ኖሯል፤ በተደነቀች ቁጥር እጇ አፏን ሲስል ኖሯል።

ሰው ደግሞ ራሱ በፈጠረው ነገር እንዴት ይደነቃል? ውሸቷ ካርድ ክብ የላትም።

 ከእንግዲህ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጥግ ማየት ብቻ ነው። ካርቶኖቹን እየጎተተች፣ አውራ ጣቷን በካርዶቹ ጫፍ ላይ እያስሮጠች ሄደች። «ሰማይ»፤ ሁሉም ክብ። «ነፍሳት»፤ ሁሉም ክብ። «የሰው ገላ» ውስጥ አንዲት ክብ የሌላት አግኝታ ገልብጣ ብታያት ከላይ ታዝዛ የጻፈቻት፣ የሆነ መሥሪያ ቤት መቼ እንደተቋቋመ የምትጠይቅ አሰልቺ ካርድ ናት። ያለቦታዋ የገባች። ትስቅ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን።

በጣሪያው ጥግ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ኮሽ ብላ የውድድሩን ሙዚቃ ለቀቀች። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ገና ዘጠኝ ካርቶን ይቀራታል።

«ጥያቄ አንድ» አለ ጠያቂው በዚያ ከደረቱ በሚወጣ ድምፁ። እትዬ ምስክር ጣቶቿን ሳታቆም አዳመጠች። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፀሐይ ብርሃን ነበር፤ ወደ ምድር ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። እሱን ታውቀዋለች። እውነት ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ጠያቂው እስትንፋሱን በሳበ ቁጥር እሷ የራሷን ትይዛለች። አዋላጇ ፈጠን ብላ፣ በጠራ ድምፅ ትመልሳለች። ቁልፍ ሠሪው ከመመለሱ በፊት እህ ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ቃሉን ቀስ አድርጎ፣ ቁልፍ በር ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ያስቀምጣል። ሁለቱም እኩል እየሄዱ ነው። ከአሥራ ስድስት ጥያቄ በኋላ ሰባት ለሰባት። አራት ካርቶን ቀራት።

«ጥያቄ አሥራ ሰባት፣ ለአዋላጇ። ለመርከቦች መንገድ በሚያሳዩ የባሕር ዳር የመብራት ማማዎች፣ ጠባቂዎቹ መብራቱ ሲጠፋ ጮኻ እንድትቀሰቅሳቸው ያሳድጓት የነበረችው፣ ጨለማ የምትፈራ ወፍ ማን ናት?»

የእትዬ ምስክር ጣቶች ቆሙ።

ደረቷ ውስጥ ምንም አልተነሳም። ምንም። ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ እያንዳንዱ ነገር ሲያስደነግጣት ኖሮ፣ ይህች አንዷ ግን እጇን የራሷ ኮት ኪስ ውስጥ የማስገባት ያህል ቀለለቻት። በልጅነቷ ጨለማ ስትፈራ አጠገቧ እንድትሆን የምትመኛትን ወፍ ነበር የጻፈችው። እንዲህ ያለች ወፍ በየትም ማማ ኖራ አታውቅም። «ባሕርና መርከብ» የሚለውን ካርቶን ከሥር ስባ አወጣችና ከኋላው ቆፈረች። አገኘቻት። ጥጉ ባዶ ነው፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ አፍ የሌለው።

«አላውቀውም» አለች አዋላጇ በድምፅ ማጉያው።

«እንግዲያው ለቁልፍ ሠሪው ያልፋል።»

«እህ» አለ ቁልፍ ሠሪው፤ ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት። «እሷንማ ለልጆቼ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። ዝይ ናት።»

«ትክክል!»

ጭብጨባው በግምጃ ቤቱ ብረት መደርደሪያ ላይ አስተጋባ። ስምንት ለሰባት። እትዬ ምስክር ተነሳች፤ እግሯ ደንዝዞ ነበርና መደርደሪያውን ያዘች። ብትቀመጥ ማንም አያውቅም። ካርዷን አፏ ውስጥ ጨምራ ብታኝካት እንኳ ማንም አያውቅም። ኃላፊው አላውቅም ብሎ ይምላል፤ ሽማግሌው ከመቃብር አይነሳም። ቁልፍ ሠሪው ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ያገኛል፤ አዋላጇ የሌለችን ወፍ ባለማወቋ ወደ ኪራይ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን እያሰበች ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች መሆኗን ያወቀችው የጫማዋን ኳኳታ ስትሰማ ነው። ሲዋኝ መምታቱን የሚያቆመው ልብ ትዝ አላት። እሷንም አንዱ ቀጥ ያለባት መሰላት።

ከስቱዲዮው በር በላይ ቀዩ መብራት በርቷል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ያ መብራት በርቶ ያንን በር ከፍታ አታውቅም። ከፈተችው።

ጠያቂው ዓይኑ ፈጠጠ። ቁልፍ ሠሪው አንድ ጥግ ላይ፣ ሱፉ ትከሻው ላይ ሰፍቶበት ተቀምጧል። አዋላጇ እጆቿን አጣምራለች።

«አቁሙ» አለች እትዬ ምስክር። ድምፅዋ የሌላ ሰው፣ የቀጭን ልጅ ድምፅ ነበር። «ያቺ ጥያቄ ሐሰት ናት። እንዲህ ያለ ወፍ የለም። የፈጠርኳት እኔ ነኝ።»

ወዲያው የማስታወቂያ ሙዚቃ፣ ደስ የሚል፣ የሳሙና። ኃላፊው ከመስታወቱ ወዲያ ዘሎ ሲነሳ አየችው። ታዛቢዎቹ ተንሾካሾኩ፤ አንዱ ካርዱን ከእጇ ወስዶ ጀርባውን አየ፤ የተጻፈውን መጽሐፍ አስመጥተው ገጹን ፈለጉ፤ መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ ሲሆን ካርዱ ሦስት መቶ አሥር ይላል። ጥያቄው ተሰረዘ። ኃላፊው አጠገቧ ሲያልፍ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ» አላት። እሷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀረች። ማንም ውጪ አላላትም፤ ረስተዋታል።

ተተኪው ጥያቄ ስለ ቬነስ ነበር፤ አዋላጇ መለሰችው። ቁልፍ ሠሪው አሥራ ስምንተኛውን መለሰ፤ አሁን ግን ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ነው። አሥራ ዘጠነኛውን አዋላጇ። ዘጠኝ ለስምንት። የመጨረሻው የቁልፍ ሠሪው ነው፤ ከመለሰ እኩል ይሆናሉና እንደገና ይወዳደራሉ።

«ጥያቄ ሃያ። ኦክቶፐስ ስንት ልብ አለው?»

እትዬ ምስክር ግድግዳውን በሁለት መዳፏ ያዘች። ያውቀዋል። ዝይዋን ካነበበ ይኼንንም አንብቧል፤ ሁለቱም ያሉት አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ቁልፍ ሠሪው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ረጅም ጊዜ፣ የማያውቀውን ሰው በመግቢያ በር ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ። እሷ ምንም ማለት፣ ራሷን መነቅነቅ እንኳ አትችልም። ዓይኗን ጨፈነች።

«እስከ ዛሬ ሦስት እል ነበር» አለ በዝግታ። «አሁን ግን እንጃ። ሦስት ልብ ያለው ፍጡር... አይ። አንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭብጨባ እትዬ ምስክር በደንብ አልሰማችውም። አዋላጇ ስታለቅስ ግን ሰማች፤ ቤት ያገኘ ሰው ለቅሶ፣ ሳቅ የተቀላቀለበት።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ቁልፍ ሠሪው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ጭኑ ላይ ሽፋኗ በቀጭን ሽቦ የተሰፋ ትንሽ መጽሐፍ አለች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የታተመችው የጣቢያው መጽሐፍ ናት። እትዬ ምስክር ሊጮህባት ነው ብላ ራቅ ብላ ቆመች።

«ይቀመጡ እንጂ» አላት። «አልነክስም።»

ተቀመጠች፤ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትታ።

«ስለ ኦክቶፐሱ ይንገሩኝ» አለ። «ስንት ነው?»

«ሦስት» አለች። «ሦስት ነው። ሲዋኝ አንዱ መምታቱን ያቆማል።»

 የቁልፍ ሠሪው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቀ ነበር፣ ድምፅ በሌለው የደከመ ሳቅ። «ዝይዋ ሰጠችኝ፣ ኦክቶፐሱ ነጠቀኝ» አለ። «ሚስቴ ይኼንን ስትሰማ ሁለቱንም ታባርራቸዋለች። እኔንም ጨምራ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እንጃ» አለ። «ዛሬ አልችልም መሰለኝ። ሌላ ቀን ይጠይቁኝ።» መጽሐፏን በእጁ መዘናት። «ይቺን ጃንጥላው ሥር ደንበኛ ሳጣ ነው ያነበብኳት። አራት ልጆች አሳድጌባታለሁ፤ ሌላ መጽሐፍ ቤቴ የለም። አሁን ማታ ገብቼ ይኼ ሁሉ ምን ይሁን ልበላቸው? የትኛው ነው የቀረልኝ?»

እትዬ ምስክር ቦርሳዋን ከፈተች። እርሳሱን ሁለት ጊዜ ጣለችው፤ እሱ አንስቶ ሰጣት። መጽሐፏን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

«ንብ አምስት ዓይን አላት» ስትል አነበበች። «ሁለቱ ትልልቆች ከጎን፣ ሦስቱ ጥቃቅኖች አናቷ ላይ። ሁለት መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ።» ከጎኑ ትንሽ ክብ ሣለች፤ የተጣመመች፣ ጅራት ያወጣች ክብ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እውነት ነው ማለት ነው።»

ጠጋ ብሎ አየ። «ይቀጥሉ» አላት።

በኮሪደሩ ማዶ የኃላፊው በር ተከፈተ፤ ስሟን ጠራ፤ የወጣላትን ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን፣ በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተጠርታ የማታውቅበትን። ሰኞን መጠበቅ አልቻለም ማለት ነው።  መነሳት ነበረባት።

«ይቺስ?» አለ ቁልፍ ሠሪው ጣቱን ሁለተኛው መስመር ላይ አኑሮ። «ጉንዳን ሳንባ የላትም የምትለዋ?»

እትዬ ምስክር አንገቷን ደፍታ ክቧን መሣል ጀመረች።